የቤሩቷ ልጅ

አቻምየለሽ ታናሽ እህቷን በጓሮው በር ጠበቀቻት እንጂ አላቀፈቻትም። አባታቸው ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከቤቱ ፊት ለፊት፣ የመንገዱን ግማሽ ይዞ ከተተከለው የእድር ድንኳን የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ማዶ ወደ ቃሊቲ የሚወርዱት ከባድ መኪናዎች አስፋልቱን ያንቀጠቅጡታል። አቻምየለሽ መጀመሪያ ያየችው የሥርጉትን ፊት ሳይሆን ልብሷን ነው፤ ግራጫውን ረጅም ቀሚስ፣ ነጩን የራስ መሸፈኛ፣ በጥቁር ገመድ ደረቷ ላይ የተንጠለጠለውን የእንጨት መስቀል። አንገቷን አስግጋ መንገዱን ግራና ቀኝ ቃኘችና እህቷን በክንዷ ጎትታ ማድ ቤት አስገባቻት።

«ማን አየሽ?»

«አላውቅም። የባጃጁ ሹፌር።»

«የዚህ ሰፈር ልጅ ነው?»

«አቻምየለሽ፣ አባቴ ሞቶብኝ ነው የመጣሁት።»

«እኔስ አልሞተብኝም?» አለችና ከመደርደሪያው ላይ ቢጫ ፌስታል አንሥታ ሰጠቻት። ውስጡ አዲስ ጥቁር ቀሚስ አለ። «ያንን አውልቂና ይህንን ልበሺ። ሳሪስ ካለችው ጓደኛዬ ቡቲክ ነው ያመጣሁት፤ ነገ እመልሰዋለሁ። ካርዱን እንዳትበጥሺው፣ ወደ ውስጥ ብቻ ክተችው።»

ካርዱ ላይ አራት ሺህ ስምንት መቶ ብር ይላል። ሥርጉት ቀሚሱን እንደያዘች፣ በሽንኩርት ጆንያውና በእድሩ ብረት ድስቶች መካከል ቆማ፣ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ይዛው የመጣችውን ጥያቄ አወጣችው። አባታቸው ማክሰኞ ማታ አርፎ ረቡዕ ተቀብሯል። ለእሷ የተደወለላት ሐሙስ ጠዋት ነው። ያለችው ሶዶ ነው፤ የማኅበሯ እህቶች በሚያስተዳድሩት ክሊኒክ ቁስል ስታጥብና መርፌ ስትወጋ ነው የምትውለው። ማክሰኞ ማታ ቢነግሯት ንጋት ላይ ተሳፍራ፣ ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሣጥኑ አጠገብ ትቆም ነበር። አፈር ሲመለስበት ታይ ነበር። ለምን አልነገሯትም?

አቻምየለሽ እንደ ሞኝ ልጅ አየቻት። «ከቤሩት በአንድ ቀን ይመጣል እንዴ? ትኬቱ አለ፣ ከአሠሪ ፈቃዱ አለ። ረቡዕ ቀብር ላይ ብትገኚ ሰው ምን ይላል? ከጌዲዮን ጋር ተመካክረን ነው። ሁለት ቀን ይበቃል ብለን።»

ቤሩት ረግጣ አታውቅም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ገና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ የካቶሊክ ሲስተሮች ዘንድ ልብስ ስፌት ልትማር ሄዳ እዚያው ልትቀር ስትወስን፣ አባቷ ጋሽ ቀናው ሦስት ቀን ምግብ አልቀመሰም። ሠላሳ አንድ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠራ፣ ሰንበቴ የማያስታጉል፣ ሰው የሚያከብረው ሰው ነበር። የቀናው ልጅ ካቶሊክ ሆነች፣ ያውም መነኮሰች ከሚባልበት ሌላ ነገር ቢባል ይሻለዋል። ሌላው ነገር ሩቅ አልነበረም። በዚያ ሰፈር በየበሩ አንዷ ጅዳ፣ አንዷ ዱባይ፣ አንዷ ቤሩት ናት። ልጅህ የት ሄደች ሲሉት ቤሩት አለ፤ ማንም ሁለተኛ አልጠየቀም። ወንድሟ ጌዲዮን ጅቡቲ በሚመላለስበት መኪና ሠርቶ በግቢው ሦስት ክፍል ሲያሠራ ሰፈሩ «የቤሩት ቤት» አለው፤ ጌዲዮንም አላስተባበለም። ሥርጉት ይህን የሰማችው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ አባቷ ሳሪስ ካፌ ውስጥ ሊያያት በመጣ ጊዜ ነው። «ወደ ሰፈር አትምጪ፣ እዚህ እንገናኛለን» አላት። «አንቺ እንደሆነ የዚህን ዓለም ነገር ትተሻል። ምን ይጎዳሻል?» ያን ቀን ስቃለች። ገዳሟ ገብታ ለእህቶቿ እንደ ቀልድ አወራችላቸው፤ እነሱም ሳቁ። በሌሊቱ ጸሎት ደግሞ ጌታ ሆይ፣ ይህችን ትንሽ ውርደት ተቀበልልኝ አለች። ትሕትና መስሏት ነበር።

ልብሷን ስታወልቅና ስታጠልቅ ሁልጊዜ የምትላት አጭር ጸሎት አለች። ዛሬ አልመጣችላትም። ነጩን መሸፈኛ አጣጥፋ ከግራጫው ቀሚስ ጋር በቢጫው ፌስታል ከተተችው። መስቀሉን አቻምየለሽ ተቀብላ ከሥር ወሸቀችው።

«ቀለበቱስ?»

«የመሐላዬ ቀለበት ነው፤ አይወልቅም።»

«ሳሙና ላምጣ?»

«አይወልቅም አልኩሽ።»

«እሺ ይሁን። አግብታለች እንላለን።»

ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ ለቅሶው እንደ አዲስ ፈነዳ። ከሩቅ የመጣ ልጅ ሲገባ ደንቡ ነው። ሴቶቹ ተነሥተው ደረታቸውን መቱ፤ አንዷ «ቀናው፣ ተነሥ እንጂ፣ ባሕር አቋርጣ መጣችልህ!» እያለች ሙሾ አወረደችላት። ሥርጉት መሬት ላይ ተንበርክካ እስኪያልባት አለቀሰች። ከለበሰችው፣ ከተባለላትና ከተቀመጠችበት ሁሉ የራሷ የነበረው ለቅሶዋ ብቻ ነው። ከዚያ አስነሥተው ከእናቷ ከወይዘሮ አሰለፈች አጠገብ ፍራሽ ላይ አስቀመጧት። እናቷ እጇን ያዘቻት፣ ጨመቀቻት፤ ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። ዓርብ ስለሆነ ምስርና ሽሮ ቀረበ። ሰው ሲበላ ወሬው ላላ።

«ቤሩት አልተስማማሽም፤ ምነው እንዲህ ከሳሽ?» አለቻት ጎረቤታቸው ፈርዶሳ።

«ሩዝ ነው የሚያበሏቸው» አለች ሌላዋ። «ሩዝ ደግሞ ውኃ ነው።»

«ቀለበቱን አላያችሁም እንዴ! አግብታለች!»

«አዎ፣ ባሏ እዚያው ነው» አለች አቻምየለሽ ትሪ እያቀበለች።

«አበሻ ነው ዓረብ?»

«እንዲህ አይነቱን ባል አበሻም ዓረብም አትይውም» አለች ሥርጉት፤ ምላሷ አምልጧት ነበር። ሴቶቹ የሀብቱ ነገር መስሏቸው ተሣሣቁ። አቻምየለሽ በዓይኗ ወጋቻት። የካርዱ ጠርዝ የአንገቷን ሥር ይፈቀፍቃታል። ወንዶቹ በተቀመጡበት በኩል የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሰይፈሥላሴ፣ ቀናው በአርባ ዓመት አንድ ቀን ቃሉን አጥፎ እንደማያውቅ፣ እንዲህ ያለ እውነተኛ ሰው ከእንግዲህ በዚህ ሰፈር እንደማይገኝ ይናገራሉ። ሰው ሁሉ «እውነት ነው» ይላል። ጌዲዮንም ይላል። ሥርጉት ጉርሻዋን ትሪው ላይ መለሰችው። ዘጠኝ ዓመት የኖረችበት ቀልድ ከዚህ ፍራሽ ላይ ሆነው ሲያዩት ቀልድ አይመስልም፤ ግድግዳና ጣሪያ ያለው ቤት ነው፤ ሰው ይኖርበታል።

ስድስት ሰዓት ገደማ ወይዘሮ አደሴ መጡ። ቤታቸው ከታች ወደ ወንዙ ነው፤ ፋብሪካው ሳይመጣ በፊት እዚያ ያርሱ ከነበሩት ቤተሰቦች ናቸው። ሥርጉት በልጅነቷ ከእሳቸው ግቢ ወተት ታመጣ ነበር። በነጠላቸው ሥር የያዙት ነገር አለ። ለማንም ሰላምታ ሳይሰጡ ሰው እየረገጡ መጡና ፊቷ ቁጢጥ አሉ፤ ጉልበቷን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ሥርጉትዬ። መጣሽልኝ» አሉ። «አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደግ ሰው ነበር። ኢፍቱ እሄዳለሁ ብላ ስታስቸግረኝ እሱ ጋ ነው የመጣሁት። ‹ምን ያስፈራሻል አደሴ፣ ሥርጉት እዚያ አይደለችም ወይ? ነግሬያታለሁ፤ አውሮፕላን ጣቢያ ወጥታ ትቀበላታለች› አለኝ። በእሱ ቃል ነው የሸኘኋት። ከዚያ ደውላ ‹እማ፣ ማንም አልመጣልኝም፣ አንድ ሰውዬ ነው የወሰደኝ› ስትለኝ፣ አባትሽ አሠሪዎችሽ ወደ ሌላ ከተማ ወስደውሽ ነው አለኝ። የሰው ቤት ነው፣ ምን ታደርጊ፤ አልፈርድብሽም። ስምንት ወር ደወለች። ከዚያ ይኸው ሦስት ዓመት። ያ ጦርነት የመጣ ጊዜ ቴሌቪዥን ፊት ነበር የማድረው። አይተሻታል? ኢንተለ ኮ፣ ልጄን፣ በመንገድ እንኳ አይተሻታል?»

 አቻምየለሽ ትሪውን እንደያዘች ቆማለች። «ቤሩት እኮ ትልቅ ከተማ ናት እማማ አደሴ» አለች ፈጥና። «አዲስ አበባን ሦስት እጥፍ ታክላለች። በምን ያገናኛቸዋል?»

«እሷን ነው የጠየቅሁት።»

ሥርጉት እናቷን አየች። እናቷ መሬቱን ታያለች። ያ ሁሉ ሰው የሚጠብቀው ከእሷ አፍ ነው። «አላየኋትም» አለች። እውነት ነበር። በሕይወቷ ከተናገረችው ውሸት ሁሉ የከፋው ይህ እውነት ነበር።

ወይዘሮ አደሴ አልተቆጡም። ይህ ይበልጥ ከበዳት። ጉልበቷን ስመው ከነጠላቸው ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አውጥተው ጭኗ ላይ አስቀመጡት። «በሶ ነው። ቅቤ አልነካሁትም፣ እንዳይበላሽ ብዬ። ስትመለሺ ውሰጂልኝ። ካገኘሻት።» ሥርጉት ቋጠሮውን በሁለት እጇ ተቀበለች፤ አለመቀበል አልቻለችም። ገና ትኩስ ነው፤ ዛሬ ጠዋት የተቆላ ነው። ተነሥታ፣ ሰው እየገፋች ወደ ቤት ገባች።

ጓዳ ውስጥ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ልትጸልይ ሞከረች። የቀትር ጸሎት ሰዓት ነው፤ ሶዶ እህቶቿ አሁን ሁለት ረድፍ ሆነው ቆመው መዝሙረ ዳዊት ይቀባበላሉ። እሷ አንድ ጥቅስ አልመጣላትም። የመጣላት ቁጣ ነበር፤ እንደ ትኩሳት ከእግሯ ጀምሮ የሚወጣ። በአባቷ፣ ገና አፈሩ ባልደረቀው ሰው ተቆጣች። በእህትና በወንድሟ ተቆጣች። በመጨረሻ ቁጣው ዞሮ ዞሮ ማረፊያ ሲያጣ እሷው ላይ ዐረፈ። የዘላለም መሐላዋን የገባች ቀን በቤተ ክርስቲያኑ ወለል ላይ በግንባሯ ተደፍታ፣ ሰው የቅዱሳንን ስም እየጠራ ሲዘምርላት፣ ንብረቴን ሰጠሁ፣ ሥጋዬን ሰጠሁ፣ ፈቃዴን ሰጠሁ ብላ ነበር። ሲሚንቶው ቀዝቃዛ እንደነበረ ዛሬም ግንባሯ ያስታውሰዋል። ታዲያ ያን ሁሉ የሰጠች ሰው ለምን ሰፈሯ መጥታ ይህን ልብስ ለብሳ አንድ ቀን አልታየችም? አባቴን ላለማሳፈር ትላለች። ውሸት ነው። እሷም አፍራለች። የፈርዶሳን ሳቅ፣ የቄሱን ጥያቄ፣ «ምን ጎደለሽ?» የሚለውን ፈርታለች። ፍርሃቷን ትሕትና ብላ ስም አውጥታ፣ ጠዋት ማታ ለእግዚአብሔር ስታቀርብለት ኖረች። እሱ መቼ ጠየቃት? እሷ በዚያ ስትጸልይ፣ እዚህ ስሟ ለብቻው ወጥቶ የሰው ልጅ ይሸኝ ነበር።

አቻምየለሽና ጌዲዮን ተከታትለው ገቡ። ከኋላቸው እናታቸው፣ ነጠላዋን እየጎተተች።

«ጨርሰሻል?» አለ ጌዲዮን። «ሰው እየጠየቀ ነው።»

«ትቀበላታለች ያለው አባባ ነው?»

«ሴትዮዋ ሲያለቅሱበት ምን ይበል? ልጅቷ እንደሆነ መሄዷ አይቀርም። ደላላ ነው የወሰዳት፣ እኛ አይደለንም።»

«በእኔ ስም ነው የሄደችው።»

«አንቺ ደግሞ ምን ስም አለሽ?» ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ ግን ጥርሱን ነክሷል። «ሁሉንም ትቻለሁ ብለሽ አይደል የሄድሽው? ቤት አልፈልግም፣ ባል አልፈልግም፣ ልጅ አልፈልግም። አባባ ሲታመም ሽንት ጨርቁን የቀየርኩት እኔ ነኝ። የጣልሽውን ስም ብናነሣው ምን አለበት?»

 ሽንት ጨርቁን የቀየረው እሱ መሆኑ እውነት ነው።  የከባድ መኪና ጡሩንባ ተሰማ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የጋሽ ቀናው ፎቶግራፍ፣ የፋብሪካ ልብሱን እንደለበሰ፣ እሱም ተንቀጠቀጠ።

«ሊሞት ሲል አደሴን ጥሩልኝ አለ» አለች እናቷ።

አቻምየለሽ ዞረች። «እማዬ!»

«ሦስት ጊዜ አለ። እኔ ነኝ ያልጠራሁለት።» ወይዘሮ አሰለፈች የምታወራው ለግድግዳው ነበር። «ስሙን እንደያዘ ይሂድ ብዬ። አርባ ዓመት የጠበቀውን ስም። ዓይኑ በር በሩን እያየ ሞተ።» ከዚያ ማድ ቤት ገብታ ቢጫውን ፌስታል ይዛ ተመለሰች። ነጩን መሸፈኛ አወጣችው፤ ጭኗ ላይ ዘርግታ ጭምድዱን በመዳፏ አንድ ሁለቴ ዳበሰችው፤ ዘረጋችላት።

ሥርጉት ጥቁሩን ቀሚስ ስታወልቅ ካርዱ ፀጉሯን ያዘው። ጎትታ በጠሰችው። «አራት ሺህ ስምንት መቶ ብር!» አለች አቻምየለሽ፤ ለቅሶዋን ጀመረች፤ ያለቀሰችው ለቀሚሱ ይሁን ለሌላው ሁሉ መለየት አይቻልም። ሥርጉት ግራጫውን ለበሰች፣ ካርዱን ኪሷ ከተተች፣ መስቀሉን አንገቷ ላይ አጠለቀች፣ ነጩን ራሷ ላይ አሰረች። ጸሎቷ አሁንም አልመጣችላትም፤ አልጠበቀቻትም። የበሶውን ቋጠሮ ይዛ ወጣች።

ድንኳኑ መጀመሪያ አላወቃትም። የሆነች መነኩሲት ለቅሶ ልትደርስ የመጣች መሰላቸው፤ አንድ ሰው ወንበር ለቀቀላት። ከዚያ ፈርዶሳ «በአላህ!» አለች። ሥርጉት ወይዘሮ አደሴ ፊት ሄዳ ተንበረከከች። ድምፅዋ እንዲጮህ አልፈለገችም ነበር፤ ግን ጮኸ።

«እማማ አደሴ፣ እኔ ቤሩት ሄጄ አላውቅም። አሥራ አንድ ዓመት እዚሁ አገር፣ ሶዶ ነበርኩ። የካቶሊክ ሲስተር ነኝ። አባቴ አፍሮብኝ ነው ቤሩት ናት ያለው። እኔም ሰምቼ ዝም አልኩ። ኢፍቱ መሄዷን ማንም አልነገረኝም። አውሮፕላን ጣቢያ የሚቀበላት ሰው አልነበረም። መጀመሪያውኑ አልነበረም።»

ከወንዶቹ በኩል ጋሽ ሰይፈሥላሴ ተነሡ። «ልጄ፣ በአባትሽ ሰልስት ይህ ይነገራል? በድንኳኑ?»

«ራሱ ሊነግራቸው ፈልጎ ነበር ጋሼ። አልተጠሩለትም።»

«ለሞተ ሰው ክብር ሲባል—»

«ልጅቷስ?» አለች ሥርጉት። «ለእሷ ድንኳን ማን ተከለላት?»

ሽማግሌው ቆመው ቀሩ። ጌዲዮን ከድንኳኑ አፍ ላይ አንገቱን ደፍቷል።  ወይዘሮ አደሴ ነጩን መሸፈኛ አዩ፣ መስቀሉን አዩ፣ ፊቷን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

«በሶዬን ስጪኝ።»

ሰጠቻቸው። ቋጠሮውን ነጠላቸው ሥር መልሰው ወጡ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው፤ አንድም ሰው አብሯቸው አልወጣም። ሥርጉት ተከትላ ወጣች። ሴትዮዋ ቁልቁለቱን ሳይዞሩ ይወርዳሉ፤ እሷ አሥር እርምጃ ያህል ርቃ። የቆርቆሮ በራቸው ጋ ሲደርሱ ብቻ ዞሩ።

«እንዳንቺ የለበሱት ቤሩትም አሉ?»

«አሉ። እህቶቻችን እዚያም ቤት አላቸው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከድሮ ጀምሮ።»

«ልጄ ስትሄድም ነበሩ?»

«ነበሩ።»

«አንድ ስልክ ይበቃት ነበራ» አሉ ወይዘሮ አደሴ። በሩን ዘግተው ገቡ፤ መቀርቀሪያው ሲወድቅ ተሰማ።

ሥርጉት በሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ወደ ሶዶ ደውላ አለቃዋን የቤሩቱን ቤት ቁጥር ጠየቀቻቸው፤ «ቁጥሩን እልክልሻለሁ፤ ሙሉ ስሟን፣ የሄደችበትን ጊዜ፣ መለያ ካላት ያዢ» አሏት። ኪሷን ስትፈትሽ ብዕር አገኘች፤ ወረቀት የለም። ያለው የተበጠሰው ካርድ ነው። ገልብጣ በባዶው በኩል «ኢፍቱ» ብላ ጻፈች፤ ከዚያ ወዲያ አታውቅም። በሩን አላንኳኳችም። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ቆም ብሎ ያያታል፤ ከላይ ከድንኳኑ የወረዱ ሁለት ሴቶችም ከአንድ ዛፍ ሥር ቆመዋል። ፀሐዩ ከቆርቆሮው ላይ ወርዶ እግሯ ሥር ደረሰ። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ቁጣዋ አልበረደም፤ እንዲበርድላትም አልለመነችም። ጌታ ሆይ ብላ ብቻ ጀምራ ተወችው፤ ቀጣዩ ቃል የእሷ አልነበረም።

«አለሽ?» አለ ድምፅ ከቆርቆሮው ጀርባ።

«አለሁ።»

«የአባቷ ስም ሮሪሳ ነው። የአያቷ ጃለታ። ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አላት፤ ላም ወግታት ነው። የሄደችው በጥቅምት ነበር፣ ይኸው አራት ዓመቷ። ጻፍሽ?»

«ጻፍኩ።»

«አንብቢው።»

አነበበችው።

«እንዲያ አይደለም» አሉ ወይዘሮ አደሴ። መቀርቀሪያው ተነሣ፤ በሩ ግን አልተከፈተም። «ተነሥተሽ ቁሚ። ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ሰፈሩ ይስማ።»

ሥርጉት ተነሥታ ቆመች፤ ፊቷን ወደ ድንኳኑ አዞረችና ጮክ ብላ አነበበች።